ለቤታችን ዲቪዲ ማጫወቻ መምረጥ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሰኞ ማታ

የድሮው ዴክ አበቃለት። ዲስኩን ይቀበላል፣ ሲሽከረከር ይሰማል፣ ትንሽ ይቆይና «ዲስክ የለም» ይላል። ሌንሱን በጥንቃቄ አጸዳሁት፤ ለውጥ የለም። የሚገርመው የሙዚቃ ሲዲ አሁንም ጥርት አድርጎ ያጫውታል። እምቢ ያለው ዲቪዲ ላይ ብቻ ነው። ሲዲ የሚነበበው በ780 ናኖሜትር ሌዘር ነው፤ ዲቪዲ ደግሞ በ650። ማጫወቻው ሁለቱንም ይዟል፣ ስለዚህ አንዱ ሲደክም ሌላው ሊቀጥል ይችላል። እኛ ዴክ ላይ የደረሰውም ይሄው ይመስላል።

ሌላ መግዛት ሊኖርብኝ ነው። ጉዳዩ ፊልም ማየት ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጨነቅም ነበር፤ ፊልም ስልክ ላይም ሞልቷል። እኔን የሚያሳስበኝ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለው ካርቶን ነው። የእህቴ ሰርግ፣ የልጆቹ ልደት፣ አያቴ በሕይወት እያለች ስለ ልጅነቷ ስታወራ የተቀረጸችው። እነዚህ ከዲስኮቹ ውጭ የትም የሉም። ስለዚህ ዴኩን የምመርጠው ለእነሱ ነው። መጀመሪያ የማየው ነገር የእኔን ዲስኮች ማንበቡን ነው፤ የምስል ጥራት ከዚያ በኋላ ይመጣል። ማሸጊያው ላይ የተደረደረው ጌጣ ጌጥ ደግሞ መጨረሻ።

ማክሰኞ፦ ዲስኮቹን መለየት

ዴክ ማየት ከመጀመሬ በፊት ያለኝን ለማወቅ ካርቶኑን ወለሉ ላይ ዘረገፍኩት። ዲስኮቹን የለየሁት ላያቸው ላይ በተጻፈው ሳይሆን በጀርባቸው ነው።

ፋብሪካ የታተመ ዲስክ ጀርባው ብርማ ነው። ወርቅማ ጥላ ካለው አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሁለት ንብርብር ነው። ነጠላው 4.7 ጊጋባይት ይይዛል፣ ባለ ሁለቱ 8.5። ቤት ወይም ስቱዲዮ ውስጥ በሌዘር የተጻፈው (በርን የተደረገው) ዲቪዲ-አር ብዙውን ጊዜ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። ያ ቀለም ለውበት የተቀባ አይደለም፤ ቪዲዮው የተጻፈው እሱ ላይ ነው። ሲጻፍ ሌዘሩ ቀለሙን በነጥብ በነጥብ ይለውጠዋል። የተለወጠውና ያልተለወጠው ቦታ ብርሃን የሚመልሱበት መጠን ይለያያል፣ ማጫወቻው የሚያነበው ያንን ልዩነት ነው። ቀለም በመሆኑ ፀሐይና ሙቀት ይጎዱታል። የእኛ ካርቶን ጨለማ ቦታ መቀመጡ ጠቅሞናል።

እየጠፋ ደጋግሞ የሚጻፍበት ዲቪዲ-አርደብሊው ግን ጠቆር ያለ ግራጫ ነው። ለማጫወቻ ከሁሉም አስቸጋሪው እሱ ነው። ፋብሪካ የታተመ ነጠላ ዲስክ ቢያንስ 45 በመቶ ብርሃን ይመልሳል። አርደብሊው የሚመልሰው ከ18 እስከ 30 በመቶ ነው። የባለ ሁለት ንብርብር ዲስክም እዚያው አካባቢ ስለሆነ አንዳንድ የቆዩ ማጫወቻዎች አርደብሊውን ባለ ሁለት ንብርብር ነው ብለው ይወስዱትና ይደናገራሉ። አያቴ ያለችበት ዲስክ አርደብሊው ነው። ይሄን ሳይ ልቤ ፈራ አለ።

ቪሲዲም ወጣ። ሲዲ ላይ የተጻፈ ቪዲዮ ነው፤ ምስሉ በፓል (በእኛ ቲቪ የቀለም ሥርዓት) 352 በ288 ነጥብ ብቻ ነው። የአጎቴ ምርቃት ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ቪሲዲ የማያነብ ዴክ ለእኔ አይሆንም።

ከያንዳንዱ ዓይነት የባሰበትን መርጬ ለብቻ አስቀመጥኩ። በጣም የቆየው የሰርግ ዲቪዲ-አር፣ የአያቴ አርደብሊው፣ ቪሲዲው፣ ልጆቹ የጫጫሩት የካርቱን ዲስክ፣ አንድ ረጅም ባለ ሁለት ንብርብር ኦሪጅናል ፊልም፣ ኤምፒ3 ዘፈንና የኮምፒውተር ቪዲዮ ፋይል ያለበት ዲስክ። ንጹሕ ዲስክ ይዞ ዴክ መፈተሽ ዋጋ የለውም። ንጹሕማ ሁሉም ያነባል።

የቆሸሹትን ለብ ባለ ውኃና በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና አጠብኩ። ሲደርቅ የሚጠረገው ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ነው፤ ዙሪያውን አይደለም። መረጃው ዲስኩ ላይ የተጻፈው ክብ እየሠራ ነው፣ ከውስጥ ጀምሮ ወደ ውጭ። ዙሪያውን የሄደ ጭረት በአንዱ መስመር ላይ ረጅም ተከታታይ መረጃ ያጠፋል፤ ማጫወቻው ያንን መልሶ ማሟላት ያቅተዋል። ቀጥ ብሎ የተሻገረ ጭረት ግን ከእያንዳንዱ ዙር ትንሽ ትንሽ ነው የሚነካው። ዲቪዲ የተሳሳተ መረጃ የሚያርምበት ስሌት አብሮት ስለተጻፈ ያን ያህሉን ይችለዋል።

ሲዲና ዲቪዲን በአንድ ዓይን ማየት ደግሞ ልክ አይደለም። የሲዲ መረጃ ያለው ከላይኛው ጽሑፍ ሥር ነው፣ የሚሸፍነውም ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ስለዚህ ሲዲን ከላይ መጫር ከሥር ከመጫር ይብሳል። ዲቪዲ ግን እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊሜትር የሆኑ ሁለት ሳህኖች ተጣብቀው የተሠራ ነው፤ መረጃው መሃላቸው ነው። ቪሲዲያችንን በእጄ ስይዝ እጥፍ የተጠነቀቅኩት ለዚህ ነው።

ረቡዕ፦ የቲቪው ጀርባ

ዴክ ከመግዛት በፊት ቲቪውን ከግድግዳው ነጥሎ ጀርባውን ማየት ግዴታ ነው። ይሄን ብዙ ሰው ይዘላል፣ ከዚያ ዴኩን ቤት አምጥቶ የሚሰካበት ያጣል።

የእኛ ቲቪ ኤችዲኤምአይ አለው። ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመድ የሚገባበት ኤቪ ግን በአንዲት ትንሽ ቀዳዳ ተጠቃሏል፤ ማገናኛ ገመድ ይፈልጋል። አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ የሆነው ኮምፖነንት ጭራሽ የለም።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። ቢጫው ገመድ ሙሉውን ምስል፣ ብርሃኑንም ቀለሙንም አንድ ሽቦ ላይ ጠቅልሎ ይልካል። ቲቪው መልሶ ሲለያቸው ጥቃቅን መስመሮች ላይ የሌለ ቀለም ይንቀጠቀጣል፣ የፊደል ጠርዝ ይደበዝዛል። ኮምፖነንት ሦስት ሽቦ ላይ ስለሚከፍለው በጣም ይሻላል። ኤችዲኤምአይ ምስሉንም ድምፁንም በዲጂታል ይልካል። ትልቅ ስክሪን ላይ ቢጫውን ከኤችዲኤምአይ ጋር አስተያይቶ ያየ ሰው ወደ ቢጫው አይመለስም።

ውሳኔ፦ የሚመረጠው ዴክ ኤችዲኤምአይ ይኑረው። ቢጫውም ቢኖረው ግን ደስ ይለኛል፤ ሌላ ክፍል ውስጥ የቆየ ቲቪ አለ።

ሐሙስ፦ ክልልና የቀለም ሥርዓት

ኦሪጅናል ፊልሞቻችን ከተለያየ አገር የመጡ ናቸው። ዲቪዲ ደግሞ ዓለምን በክልል ይከፋፍላል። 1 አሜሪካና ካናዳ፣ 2 አውሮፓ፣ ጃፓንና መካከለኛው ምሥራቅ፣ 4 አውስትራሊያና ላቲን አሜሪካ፣ 5 አብዛኛው አፍሪካ፣ ሩሲያና ህንድ፣ 6 ቻይና። ዴኩና ዲስኩ ካልተስማሙ ማጫወቻው አላጫውትም ይላል። ዲስኩ ምንም ጉድለት ባይኖርበትም። ቤት ውስጥ የተቀረጸ ዲስክ ይሄ ችግር የለበትም። ኦሪጅናል ብዙ ያለው ሰው ግን ሁሉንም ክልል የሚቀበል ዴክ ይፈልግ። የኮምፒውተር ዲስክ ማንበቢያ መፍትሔ ነው የሚል ካለ፣ ክልሉን መቀየር የሚቻለው 5 ጊዜ ብቻ መሆኑን ይያዝ። ከዚያ መጨረሻው ላይ ይቆለፋል።

ሁለተኛው ነገር ፓልና ኤንቲኤስሲ የሚባሉት ሁለቱ የቲቪ የቀለም ሥርዓቶች ናቸው። ፓል 720 በ576 ነጥብ በሰከንድ 25 ምስል፤ ኤንቲኤስሲ 720 በ480 በሰከንድ 30 ገደማ። ባለቀለም ፊልም ጥቁርና ነጭ ሆኖ ከመጣ ወይም ምስሉ ወደ ላይ ከተንከባለለ ብዙውን ጊዜ ሰበቡ ይሄ ነው። ፓል በሚጠቀሙ አገሮች የሚሸጡ ዴኮች አብዛኛዎቹ ሁለቱንም ያጫውታሉ። ኤንቲኤስሲ ከሚጠቀም አገር የመጣ ዴክ ላይ ግን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቅዳሜ፦ ሦስቱን ጎን ለጎን

ዛሬ ሦስት ማጫወቻ ጠረጴዛው ላይ ተደረደረ። አንደኛው አዲስ፣ ትንሽና ቀላል፣ ኤችዲኤምአይና ዩኤስቢ ያለው፤ ካላረካኝ ልመልሰው ተስማምቼ ያመጣሁት። ሁለተኛው ከወንድሜ የተዋስኩት ብሉሬይ፤ ከዲቪዲ ቀጥሎ የመጣው ዲስክ ማጫወቻ፣ ዲቪዲም ያጫውታል። ሦስተኛው ጓደኛዬ ልሽጥልህ ያለኝ የቆየ ከባድ ዴክ፤ ጠንካራ ብረት፣ ፊቱ ላይ ቁጥር የሚያሳይ መስኮት፣ ከኋላው ኮምፖነንት አለው፣ ኤችዲኤምአይ ግን የለውም።

በሰርጉ ዲስክ ጀመርኩ። ትንሹ ወዲያው ተቀበለው። ብሉሬዩ ትንሽ አሰበና ተቀበለው። ከባዱ መሳቢያውን ዘጋ፣ ዲስኩ ሲፋጠንና ሲቀዘቅዝ፣ መልሶ ሲፋጠን ይሰማኛል፤ በመጨረሻ ሜኑው መጣ። ወደ መጨረሻው ምዕራፍ ስዘል ግን ምስሉ በካሬ በካሬ ተቆራርጦ ቆመ። የዲስክ ጽሑፍ የሚጀምረው ከመሃል ስለሆነ መጨረሻው ጠርዙ አካባቢ ነው፤ በጣት የሚያዘውና ሲወዛወዝ ብዙ የሚወዛወዘውም ጠርዙ ነው። ስለዚህ መክፈቻውን ብቻ አይቶ «ሠራ» ማለት አይበቃም። መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ሄዶ ማየት ነው።

የአያቴ አርደብሊው። ከባዱ ጭራሽ አላወቀውም። ብሉሬዩ «ይህ ዲስክ አይታወቅም» አለ። ትንሹ ጊዜ ወሰደ፣ ጠበቅኩት፣ ከፈተው። ሁለት ቦታ ላይ ትንሽ ደንቀፍ አለ እንጂ እስከ መጨረሻው ሄደ። እናቴ ከጎኔ ነበረች። የአያቴን ድምፅ ስትሰማ መሃረቧን አወጣች። እኔ ማስታወሻዬን ዘግቼ አብሬያት አየሁ።

ቪሲዲውን ትንሹም ከባዱም አነበቡት፣ ብሉሬዩ አላነበበውም። የብሉሬይ መመሪያ ላይ የሚነበቡት የዲስክ ዓይነቶች ተዘርዝረዋል፣ ቪሲዲ የለበትም። ብዙ ብሉሬዮች እንዲህ ናቸው፤ ከመግዛት በፊት ያንን ዝርዝር ማንበብ ነው። የተጫጫረው ካርቱን ላይ ሦስቱም አንድ ቦታ ተንቀራፈፉ፣ ትንሹና ብሉሬዩ ግን ዘለው ቀጠሉ።

ባለ ሁለት ንብርብሩ ፊልም መሃል ላይ ሌዘሩ ከአንዱ ንብርብር ወደ ሌላው ሲሻገር ከባዱ ላይ ምስሉ ለአፍታ ቀጥ ይላል። ትንሹ ላይም ይታያል፣ ግን አጭር ነው። ብሉሬዩ ላይ ጭራሽ አላስተዋልኩም፤ ቀድሞ አንብቦ ስለሚያከማች መሻገሪያውን ይሸፍነዋል። ይሄ ብልሽት አይደለም፤ የዲስኩ አሠራር ነው።

እሁድ፦ ምስሉ

ዛሬ ዓይኔን ምስሉ ላይ ብቻ አደረግኩ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አጠፋሁ፣ ይገባዋልም።

ማሸጊያዎቹ ላይ «እስከ 1080» የሚለው ጽሑፍ በትልቁ አለ። እውነት ነው፣ ግን ምን ማለት እንደሆነ መታወቅ አለበት። የፓል ዲቪዲ ምስል 720 በ576 ስለሆነ 414,720 ነጥብ ነው ያለው። 1080 ስክሪን (1920 በ1080) 2,073,600 ነጥብ አለው፤ ልክ አምስት እጥፍ። ማለትም ከምናያቸው ከየአምስቱ ነጥቦች አራቱ ዲስኩ ላይ አልነበሩም፤ ስሌት ነው የሞላቸው። ዴኩ ባይሞላው ቲቪው ይሞላዋል። ስለዚህ ጥያቄው «1080 ያወጣል ወይ?» ሳይሆን «ከዴኩና ከቲቪው የማንኛው ስሌት ይሻላል?» ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ የግማሽ ምስል ጉዳይ ነው። የቤት ካሜራ የቀረጸው ቪዲዮ ዲስኩ ላይ የተቀመጠው ሙሉ ምስል ሆኖ አይደለም። መጀመሪያ 1፣ 3፣ 5 እያሉ የሚሄዱት መስመሮች፣ ቀጥሎ 2፣ 4፣ 6 የሚሉት። በፓል በሰከንድ 50 ግማሽ ምስል ይሆናል። የድሮ ቲቪ ራሱ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ስለነበር ችግር አልነበረውም። የዛሬ ስክሪን ግን ሙሉ ምስል ስለሚፈልግ አንዱ መሣሪያ ግማሾቹን መስፋት አለበት። የሲኒማ ፊልም ላይ ይሄ ቀላል ነው፤ ሁለቱ ግማሾች ከአንድ ቅጽበት የተወሰዱ ናቸው። የሰርግ ካሜራ ላይ ግን በሁለቱ መካከል አንድ ሃምሳኛ ሰከንድ አልፏል። የሚንቀሳቀስ ሰው በዚያ ጊዜ ቦታ ቀይሯል። ዝም ብሎ ከተሰፋ የሰውዬው ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሸነታተራል።

መፈተኛዬ ሙሽሮቹ ሲጨፍሩ ነው። ትንሹን 1080 ላይ አድርጌ አየሁት፤ እጆች በተወዛወዙ ቁጥር ጥርሱ ይታያል። ብሉሬዩ ያንኑ ዲስክ ልስልስ አድርጎ አሳየው፤ ልዩነቱ ከሩቅ ያስታውቃል። በምስል ብቻ ቢሆን ጨዋታው እዚህ ላይ አልቆ ነበር።

ከዚያ የትንሹን ማስተካከያ ውስጥ ገባሁ። የምስል መጠን በሚለው ሥር ከ1080 በታች 720፣ 576ፒ፣ ከሥሩ ደግሞ 576አይ አለ። የመጨረሻው ማለት ዴኩ ግማሾቹን ሳይሰፋ እንዳሉ ይላካቸው፣ ስፌቱን ለቲቪው ይተው ማለት ነው። መረጥኩት። ስክሪኑ ለአፍታ ጠቆረና ተመለሰ። ያው ጭፈራ፣ ያው እጅ፣ ጥርስ የለም። የእኛ ቲቪ ስፌት ከርካሹ ዴክ ስፌት እጅግ ይበልጣል ማለት ነው። ብሉሬዩ አሁንም ፊልም ላይ በትንሹ ይቀድማል፤ በቤት ቪዲዮ ላይ ግን ልዩነቱን መለየት አቃተኝ። ይሄ ምርጫ ሁሉም ዴክ ላይ የለም። የሚገዛ ሰው ሪሞቱን ተቀብሎ ይሄን ዝርዝር ከፍቶ ቢያይ ብዙ ያተርፋል።

የስክሪን ቅርጽንም አስተካከልኩ። ዴኩ ውስጥ 16 በ9፣ ቲቪው ላይም ምስሉን እንዳይለጥጥ። የቆየ 4 በ3 ቪዲዮ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ መታየቱ ትክክለኛው ነው። ስክሪኑን ልሙላ ብሎ መለጠጥ ሙሽራዋን ያለ ልኳ ያሰፋታል።

ሰኞ፦ ድምፅና ሪሞት

ድምፁ ላይ አጭር ነኝ። አንዱ ፊልም ምስል አለው ድምፅ የለውም። ዲስኩ ላይ የተመረጠው ድምፅ ዲቲኤስ በሚባል መንገድ የታመቀ ነው፤ የእኛ ቲቪ ደግሞ ዲቲኤስ አይፈታም። ዴኩ ላይ የድምፅ መውጫውን ከቢትስትሪም (እንደታመቀ ከመላክ) ወደ ፒሲኤም (ዴኩ ራሱ ፈትቶ ወደ መላክ) መለወጥ፣ ካልሆነም ከዲስኩ ሜኑ ሌላውን የድምፅ ዓይነት፣ ዶልቢውን፣ መምረጥ ነው። ሁለተኛው ዘዴ ሠራልኝ። ንግግሩ ዝግ፣ ፍንዳታው ጩኸት የሚሆንበት ፊልም ላይ ደግሞ ዲአርሲ የሚል ማስተካከያ አለ፤ ዝቅታውን ከፍ ከፍታውን ዝቅ ያደርጋል። ሌሊት ሰው ተኝቶ ሲታይ ጥሩ ነው።

ሪሞቱ ግን ለእኔ ከድምፁ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ዴኩን አብዝታ የምትጠቀመው እናቴ ናት። ሦስቱንም ሪሞት ሰጠኋት። የብሉሬዩ ላይ ዲስክ ስትከፍት መጀመሪያ የራሱ ገጽ ይመጣል፣ ከዚያ ምርጫ፣ ከዚያ ሌላ ምርጫ። «ልጄ፣ እኔ አንድ ቁልፍ ነው የምፈልገው» አለችኝ። ትንሹ ዲስክ ሲገባበት ራሱ ይጀምራል። ማቆሚያውን አንድ ጊዜ ስትጫን ያቆመችበትን ይይዝላታል፣ ሁለት ጊዜ ስትጫን ግን ይረሳል። ይሄን አንዴ አሳየኋት፣ በቃት። የትንሹ ሪሞት ጉድለት ቁልፎቹ ጥቃቅን መሆናቸው ነው። ማጫወቻና ማቆሚያው ላይ ባለ ቀለም ተለጣፊ ለጠፍኩላት።

ማክሰኞ፦ ውሳኔ

ትንሹን አስቀረሁ። የአያቴን ዲስክ ያነበበው እሱ ብቻ ነው፤ ቪሲዲውንም ያነባል፤ ምስሉ በ576አይ ከቲቪያችን ጋር ተስማምቷል፤ እናቴም ቻለችበት። ፊቱ ላይ ቁጥር የሚያሳይ መስኮት ስለሌለው ቲቪ ሳይከፈት የሙዚቃ ሲዲ መስማት ያስቸግራል። ገላውም ቀላል ስለሆነ ዲስክ ስከፍት በእጄ ደገፍ አደርገዋለሁ።

ብሉሬዩን አላጣጥልም። ካርቶኑ ውስጥ ያለው በሙሉ ኦሪጅናል ፊልም ቢሆን ኖሮ ያለ ማመንታት እሱን ነበር የምወስደው። ከባዱን ለጓደኛዬ መለስኩለት። ሌዘሩ እየደከመ ነው፤ ኮምፖነንቱም እኛ ቲቪ ላይ የሚሰካበት የለም። ኮምፖነንት ያለው የቆየ ቲቪ ያለው ሰው ሌዘሩን ቢያስቀይርለት ጥሩ ምስል ያገኝበታል።

አቀማመጡን በተመለከተ፦ ዴኩ ላይ ምንም አልደረብኩበትም፣ ከኋላና ከጎን አየር እንዲያገኝ ተውኩለት። ሲጠፋ ሶኬቱ ላይ ካለው ማጥፊያ ነው የሚጠፋው።

ቅዳሜ፦ ኮፒ ማድረግ

ዴኩ እየሠራ ነው። ቀጣዩ ሥራ ዲስኮቹ ሳይሞቱ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ነው። በዴክ የሚታይ የቤት ቪዲዮ ዲስክ ውስጥ ቪዲዮ ቲኤስ (VIDEO_TS) የሚል ፎልደር አለ፤ ቪዲዮው እዚያ ውስጥ እያንዳንዳቸው ከ1 ጊጋባይት በማይበልጡ ፋይሎች ተከፋፍሏል። ፎልደሩን እንዳለ መገልበጥ በቂ ነው፣ ጥራቱ አይቀንስም። ቤት የተቀረጸ ስለሆነ የኮፒ መከላከያ ቁልፍ የለበትም። ኮፒው ሁለት የተለያየ ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጣል፣ አንዱ እህቴ ጋ።

የሰርጉ ዲስክ አለቀ። የአያቴን የኮምፒውተሬ ማንበቢያ እስከ መሃሉ ሄዶ ቆመ፤ ነገ ከወንድሜ ኮምፒውተር በሌላ ማንበቢያ እሞክረዋለሁ። እሱም ካልቻለ ትንሹ ዴክ ያነበዋልና ከቢጫው ገመድ ወደ ኮምፒውተር የሚቀዳ መሣሪያ አገናኝቼ እያጫወትኩ እቀዳዋለሁ። ጥራቱ ትንሽ ይወርዳል፣ ድምፅዋ ግን ይቀራል። ቪሲዲው ተራውን እየጠበቀ ነው።